እቴጌ፣ ንግሥት፣ ልዕልት፦ ቤተ መንግሥት ያገባ ሰው ምን ይባል ነበር?

አንዲት እህት ከጎንደር እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። ምንትዋብ ግንብ ጋ ስንደርስ እንግዶች ሁሌ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ምንትዋብ ንግሥት ነበሩ ወይስ የንጉሥ ሚስት? እቴጌ ማለትስ ምን ማለት ነው? ይሉኛል። አንዳንዱ እንግሊዞችን እያነሳ ‹እነሱ ጋ ልዑል ያገባች ልዕልት ትሆናለች፣ ልዕልት ያገባ ግን ልዑል አይሆንም፤ እናንተ ጋስ እንዴት ነበር?› ይላል። ባለፈው ደግሞ አንድ ሰው ‹ዘውዲቱ ሲነግሡ ባላቸው ለምን ንጉሥ አልተባሉም?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። እባክዎ ያስረዱኝ።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። የዘውዲቱ ባል የእናንተው አገር የበጌምድር ገዥ ነበሩና።

ራስ ጉግሣ ወሌ ይባላሉ። የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ናቸው። ዘውዲቱን ሲያገቡ አልጋው ገና የዘውዲቱ አባት የምኒልክ ነበር። ዘውዲቱ አንድ ቀን ይነግሣሉ ብሎ የገመተ ሰው ያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። ከዚያ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከአልጋ ወረዱ፤ ዘውዲቱ ተመረጡ። የካቲት 4 ቀን ዘውድ ደፉ። ማዕረጋቸውም «ንግሥተ ነገሥታት» ሆነ። ባላቸው ግን አዲስ አበባ አብረዋቸው አልተቀመጡም። መኳንንቱ ባልና ሚስቱን አለያይተው ራስ ጉግሣን ወደ በጌምድር ሰደዷቸው። ደብረ ታቦር ተቀምጠው ገዙ።

ለዚህ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የፖለቲካ ነው። የሸዋ መኳንንት በ1902 ዓ.ም. ጣይቱን ከሥልጣን ያራቁት በስንት ልፋት ነው። የጣይቱ የወንድም ልጅ በባልነት ተመልሶ ቤተ መንግሥት እንዲገባ አልፈለጉም።

ሁለተኛው ለጥያቄሽ የሚቀርበው ነው። የንጉሠ ነገሥት ሚስት እቴጌ ትባላለች። የንግሥተ ነገሥታት ባልስ? አማርኛ ለዚህ ሰው ስም አልነበረውም። እንደዚህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት ኖሮ ስለማያውቅ ማንም ስም አላወጣለትም። «ንጉሥ ይባል» እንዳይሉ፣ ንጉሥ ማለት በአገራችን ሥርዓት ግዛት ያለው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ዘውድ የሚደፋ ገዥ ነው። የሸዋ ንጉሥ፣ የጎጃም ንጉሥ እንደሚባለው። ጉግሣን ንጉሥ ብሎ መጥራት ለሚስታቸው ባል መስጠት ሳይሆን ለአገሩ ሌላ ገዥ መጨመር ነበር።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር አንቺም ላይ ተዋግተው ሞቱ። ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፉ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች በነገርኩ ቁጥር ልቤ ይከብደኛል። ሚስታቸው አሥራ ሦስት ዓመት ተኩል ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ እሳቸው ራስ እንደተባሉ ሞቱ።

እንግዲህ ዋናውን ነገር ከዚህ ማየት ትችያለሽ። በእኛ ቤተ መንግሥት ማዕረግ በሦስት መንገድ ይመጣ ነበር፦ በደም፣ በዘውድ፣ በሹመት። ጋብቻ ብቻውን ከሦስቱ የትኛውም ውስጥ አይገባም። ጋብቻ በር ይከፍትልሻል። ማዕረጉን የሚሰጥሽ ግን በሩ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ለሴቷ ዘውድ ይጭንላታል፣ ወንዱን ይሾመዋል። ካልፈለገ ሁለቱንም ይተዋል።

በተክሊል የተጋቡ ሙሽሮችን አይተሽ ይሆናል። ሁለቱም ካባ ይለብሳሉ፣ ሁለቱም አክሊል ይደፋሉ። ቤተ ክርስቲያን ለዚያች ቀን ባልና ሚስቱን እኩል ታነግሣቸዋለች። ቤተ መንግሥት ግን እንዲህ አያደርግም ነበር። የባልየው ዘውድ ሌላ፣ የሚስትየው ዘውድ ሌላ ነበር። ቀናቸውም ሊለያይ ይችላል።

የጣይቱን ነገር እንውሰድ። ጣይቱ ብጡል ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. በቁርባን አገቡ። ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ስለዚህ ጣይቱ የተከበሩ የንጉሥ ሚስት ሆኑ እንጂ እቴጌ አልሆኑም። ስድስት ዓመት ተኩል እንዲህ ቆዩ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ደፉ። በዚያም ቀን ጣይቱ ገና እቴጌ አልነበሩም። ዘውዳቸውን የደፉት በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27 ነው። «እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው። እቴጌ መነን አስፋው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ደፍተዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለቤተ መንግሥት ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

እቴጌ ለመባል እንግዲህ ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት። ባልየው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ዘውድ የደፋ መሆን አለበት። ሴቲቱም ራሷ ዘውድ መድፋት አለባት። የልጅ ኢያሱ ሚስት ሰብለ ወንጌል ኃይሉ የጎጃሙ የራስ ኃይሉ ልጅ ናቸው። ትልቅ ዘር ነው፣ ባላቸውም አገር ይገዛ ነበር። ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይደፉ ስለወረዱ እሳቸውም እቴጌ ሳይባሉ ቀሩ። ከጣይቱ በፊት ከምኒልክ ጋር ለብዙ ዓመት የኖሩት ባፈናም እስከ መጨረሻው ወይዘሮ ባፈና ናቸው።

አንዴ ዘውድ የደፋች ሴት ደግሞ ባሏ ሲሞት ማዕረጓ አይወርድም። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ጣይቱ እስከ 1910 ዓ.ም. በሕይወት ነበሩ። ሥልጣን የለ፣ ግዛት የለ፤ እንጦጦ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠውም እቴጌ ነበሩ።

አሁን ወደ ምንትዋብ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ፤ እንግዶችሽ የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። አፄ ባካፋን አግብተው ጎንደር ገቡ። ባካፋ በ1723 ዓ.ም. ሞቱ። ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ልጁ «ብርሃን ሰገድ» ተብሎ ነገሠ። እናትየውም ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፉ። ስመ መንግሥታቸው «ብርሃን ሞገሳ» ተባለ። ልብ በይ፣ ስመ መንግሥት ለሚነግሥ ሰው የሚወጣ ስም ነው።

ስለዚህ እኚህ ሴት በሁለት ጊዜ ሁለት ነገር ነበሩ። ባካፋ በሕይወት ሳሉ የንጉሥ ሚስት ናቸው። ባካፋ ከሞቱ በኋላ ግን ከልጃቸው ጋር አገር የሚገዙ ባለ ዘውድ ናቸው። ሁለተኛው ሥልጣን የመጣው በባላቸው በኩል አይደለም፤ በልጃቸው በኩል ነው። ጎንደር ውስጥ ትልቅ ሥልጣን ይዘው የታወቁትን ሴቶች ተመልከቺ። ባል ቤተ መንግሥት ያስገባቸዋል፣ ሥልጣኑን የሚያመጣው ግን ልጅ ነው።

«ንግሥት ወይስ እቴጌ?» ለሚለው ደግሞ ቋንቋውን ማየት ያስፈልጋል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የተጻፈው በግዕዝ ነው። ግዕዝ የንጉሥን ሚስትም፣ በራሷ የነገሠችውንም ሴት «ንግሥት» ይላል። የጎንደር ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችም ምንትዋብን ንግሥት ይሏቸዋል። አማርኛ ግን ለየ። ንጉሠ ነገሥት አግብታ ዘውድ የደፋችውን እቴጌ አለ። በራሳቸው መብት ለነገሡት ለዘውዲቱ «ንግሥተ ነገሥታት» የሚል ማዕረግ ወጣ። ዘውዲቱን እቴጌ ማለት ስህተት ነው። እሳቸው የተቀመጡት በአባታቸው አልጋ ነው፣ የማንም ሚስት ስለሆኑ አይደለም። ምንትዋብን ንግሥት ብትያቸው ከግዕዙ ጋር ትስማሚያለሽ፣ እቴጌ ብትያቸው ከአማርኛው ጋር። እኔ እቴጌ እላለሁ። ሕዝቡም ያለው እሱን ነው። ግን ወዲያው «ዘውድ ደፍተው የገዙ» ብዬ እጨምራለሁ።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ምንትዋብ ከአንድ ሰው ጋር ኖረዋል። ግራዝማች ኢያሱ ይባላል። የባካፋ የእህት ልጅ ነው፤ በእናቱ የመንግሥት ዘር ነው ማለት ነው። ከምንትዋብ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዷል። ታዲያ ይህ ሰው በደም ለአልጋ የቀረበ፣ የባለ ዘውዲቱ እቴጌ የልጆች አባት ሆኖ ሳለ ምን ተባለ? ግራዝማች። ሕዝቡም «ምልምል ኢያሱ» የሚል የሽሙጥ ስም አወጣለት። ከዘውዲቱ ባል ወደ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው፣ ነገሩ ያው ነው። ሴቲቱ ዘውድ ስትደፋ ከጎኗ ለሚቆም ወንድ ወንበር አልተዘጋጀም።

ወንድ ላይ ለምን ጠበቀ? አንቺ ጎንደር ስላለሽ መልሱን ታውቂዋለሽ። ያ ዘመን የነገሥታት ወንዶች ልጆች ወህኒ አምባ ላይ የሚጠበቁበት ዘመን ነው። የገዛ ዘሩን ተራራ ላይ የሚያስር ቤተ መንግሥት ለአማች የልዑልነት ማዕረግ በነጻ አይሰጥም። አንድ የጦር አለቃ ልዕልት ሲያገባ ልጁ የንጉሥ ደም ይኖረዋል። አባትየው ላይ የመንግሥት ማዕረግ ብትጨምሪበት አልጋ ፈላጊ አበጀሽ ማለት ነው።

የውቢትን ነገር ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። የምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ውቢት የምትባል የኦሮሞ ባላባት ልጅ አገቡ። ክርስትና ስትነሳ ቤርሳቤህ ተባለች። ኢዮአስን ወለዱ። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ፣ ሕፃኑ ኢዮአስ ነገሠ። አሁን አስቢው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሁለት መበለቶች አሉ። አንዷ የባካፋ ሚስት፣ የአዲሱ ንጉሥ አያት። ሌላዋ የኢያሱ ሚስት፣ የአዲሱ ንጉሥ እናት። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ምንትዋብ በሕፃን ልጃቸው ስም አገር ሲገዙ ማንም አልከለከላቸውም። ውቢትም ያንኑ ጠበቁ፦ የነገሠው ልጄ ነው፣ ተራው የኔ ነው። ምንትዋብ ግን አለቀቁም። ዘውዱን የደፉት እሳቸው ናቸው፣ እቴጌነትም በቁም አይሻርም።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ላለ ቀን የተጻፈ መልስ አልነበረውም። ጎንደር በሁለት ወገን ተከፈለች፦ የቋራ ሰዎች በምንትዋብ በኩል፣ የውቢት ወንድሞችና ወገኖቻቸው በኢዮአስ በኩል። ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ገብተው ነገሩን በጉልበት ጨረሱት። ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ተገደሉ። ምንትዋብ ከዚያ በኋላ ጎንደር አጠገብ ባለው ደብራቸው ቁስቋም ዘግተው ተቀመጡ፣ በ1765 ዓ.ም. አረፉ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። የዚያ ሁሉ መከራ ምንጭ የአንድ ማዕረግ ጠብ ነው ማለቴ አይደለም። ግን የሁለት ሴቶች የማዕረግ ጥያቄ ሳይፈታ መቅረቱ እሳቱ ላይ እንጨት ጨምሯል።

ከጎንደር በፊት የነበረው ሥርዓት ለዚህ ነገር የተሻለ መላ ነበረው። በእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ንጉሡ ከአንድ በላይ ንግሥት ሊኖረው ይችል ስለነበር «ቀኝ በዓልቲሐት» እና «ግራ በዓልቲሐት» የሚባሉ ማዕረጎች ነበሩ። ማን በቀኝ፣ ማን በግራ እንደምትቆም የታወቀ ነው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ናቸው፤ ቀኝ በዓልቲሐት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ሆኖም ባላቸው ከሞቱ በኋላ ክብራቸው አልወረደም። ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና በልጅነት ሲነግሡ አገሩን በሞግዚትነት የመሩት እሌኒ ናቸው። ልጅ ያልወለደች ሴት ይህን ያህል መድረሷ ብርቅ ነው። ከሙስሊም ቤት መጥተው የክርስቲያን ቤተ መንግሥት ምሰሶ መሆናቸውም እንደዚያው።

ጎንደር ላይ አንድ የተገለበጠ ታሪክም አለ። መነን ሊበን። ከእቴጌ መነን አስፋው ጋር እንዳታምታቺያቸው፤ እኚህ የራስ ዓሊ እናት ናቸው። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ አገሩን የሚገዛው ልጃቸው ራስ ዓሊ ነበር። አፄው በስም ብቻ ነው ያለው። መነን ሥልጣን ነበራቸው፣ ሀብት ነበራቸው፣ ጦር ነበራቸው። የጎደላቸው ማዕረግ ብቻ ነበር። ስለዚህ በስም የነገሡትን አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አገቡና እቴጌ ሆኑ። ሌላው ጊዜ ሴቲቱ ባል አግብታ ሥልጣን ትጠጋለች። እዚህ ባለ ሥልጣኗ ሴት ለማዕረጉ ስትል ባል አገባች። ባልየው ሥልጣን አልነበረውም፣ ዘውዱ ግን ከእሱ በቀር ማንም ጋ አልነበረም። ዘውድ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለእንግዶችሽ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የዚሁ ቤት ሰዎች የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ለቋራው ካሳ ዳሩ። በጋብቻ ያስሩት መስሏቸው ነበር። ካሳ አማች ስለሆነ ያገኘው ማዕረግ የለም። በ1839 ዓ.ም. የሚስቱን አያት እቴጌ መነንን በጦርነት ማረከ። ደጃዝማችነቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፣ በድርድር፣ በሹመት። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ሲደፋ አማችነቱን የጠቀሰው ሰው የለም።

ወንዶቹ ሁሉ መንገዳቸው ይኸው ነው። የወሎው ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተዋል። አማች ሆነው ራስ እንደተባሉ ኖሩ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉት ልጃቸው ኢያሱ ሥልጣን ሲይዝ ነው፣ በአባትነት። ራስ ደስታ ዳምጠው ልዕልት ተናኜወርቅን አገቡ፣ ራስነታቸው ግን የሹመት ነው። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ልዕልት ዘነበወርቅን አግብተው ደጃዝማች እንደነበሩ ቀሩ። በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ሲገባ ከድተው ወደ ጣሊያን ዞሩ። ራስ ያላቸው ጣሊያን ነው።

ስለ ወይዘሮም ልንገርሽ፤ ይህን ቃል ዛሬ በየቀኑ ስለምንጠቀምበት ታሪኩ ተረስቷል። ወይዘሮ ድሮ የመንግሥት ዘር ላላት ሴት የሚሰጥ ማዕረግ ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የምንትዋብን ልጅ አስቴርን «ኦዞሮ አስቴር» እያለ ይጠራታል። ቃሉን በሰማው መጠን ነው የጻፈው። አስቴር ወይዘሮ የተባለችው ባል ስላገባች አይደለም። በእናቷም በአባቷም በኩል ከቤተ መንግሥት ስለተወለደች ነው። የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት መሆኗ በስሟ ላይ ምንም አልጨመረም። ቀስ በቀስ ቃሉ ወደ መኳንንት ሚስቶች፣ ከዚያ ወደ ባለትዳር ሴት ሁሉ ወረደ። ዛሬ ቀበሌ ፎርም ላይ የምትሞይው ወይዘሮ አንድ ጊዜ የነ አስቴር ነበር።

ሌላም ነገር አስተውዪ። የራስ ሚስት፣ የደጃዝማች ሚስት በባሏ ማዕረግ አትጠራም። ራስ የሚለው ቃል የሴት ቅርጽ የለውም። ሹመቱ የሰውየው ነው፣ ሚስቱ አትካፈለውም። እንግሊዞች ጋ የመስፍን ሚስት ወዲያው መስፍን የሚለውን ማዕረግ በሴት ቅርጽ ትይዛለች። እኛ ጋ ወደዚህ የቀረበ ነገር የመጣው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ወንዶች ልጆች ያገቡ ሴቶች ልዕልት ተባሉ። የአልጋ ወራሹ ባለቤት ልዕልት መድፈሪያሽወርቅ አበበ፣ የመስፍነ ሐረር የልዑል መኰንን ባለቤት ልዕልት ሣራ ግዛው። ልዑል መኰንን በ1949 ዓ.ም. ሲሞቱ ልዕልት ሣራ ማዕረጋቸው አብሮ አልሞተም። ይህ ሁሉ ሥርዓት በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ።

የእንግሊዞቹን ነገር በአጭሩ ላስረዳሽ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። እነሱ ጋ ሚስት የባሏን ማዕረግ በጋብቻው ዕለት ትወስዳለች። ዘውድ፣ ሹመት አይጠበቅም። ኬት ሚድልተን በ2011 ዊልያምን ስታገባ የካምብሪጅ መስፍን ሚስት ሆነች፣ በ2022 ባሏ የዌልስ ልዑል ሲባል እሷም የዌልስ ልዕልት ሆነች። ማዕረጉ የእሱ ጥላ ነው። ስለዚህም በፍቺ ይነካል። ዲያና በ1996 ስትፋታ «ልዑላዊት» የሚለውን አጠራር አጣች። ካሚላ ደግሞ በ2005 አግብታ ንግሥት የተባለችው ባሏ በ2022 ሲነግሥ ነው።

ወንዱ ግን እነሱም ጋ አይወጣም። ኤልሳቤጥን በ1947 ያገቡት ፊሊፕ የኤዲንብራ መስፍን ተባሉ። የእንግሊዝ ልዑል የሚለውን ማዕረግ ሚስታቸው የሰጧቸው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1957 ነው። ንጉሥ ግን ተብለው አያውቁም። የቪክቶሪያ ባል አልበርትም እንዲሁ። የዴንማርክ ንግሥት የነበሩት የማርግሬት ባል ሄንሪክ ንጉሥ ባለመባላቸው እስከ መጨረሻው አዝነዋል፤ በ2017 ከሚስታቸው ጎን መቀበር አልፈልግም እስከ ማለት ደርሰዋል። ምክንያቱ ከጉግሣ ምክንያት ጋር አንድ ነው። ንጉሥ የሚለው ቃል በሰው ጆሮ ከንግሥት ይበልጣል። ባልየውን ንጉሥ ካልሽው አገሩን የሚገዛው እሱ ይመስላል።

ጃፓን ደግሞ ከሁሉም ትከብዳለች። ልዕልት ማኮ በ2021 ተራ ሰው ስታገባ ባሏ ማዕረግ ሊያገኝ ቀርቶ እሷም የራሷን አጣች። የእኛዎቹ ልዕልቶች ማንንም ቢያገቡ ደማቸው ደማቸው ነበር።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝና እንግዶችሽም የሚወዱት አንድ ልዩነት ይቀራል። የእንግሊዙን ልዑል ማይክል ያገቡት ሴት «የኬንቷ ልዕልት ማይክል» ይባላሉ። የባል ስም፣ የወንድ ስም ነው። የእኛዎቹን ደግሞ አንብቢያቸው። ጣይቱ ብጡል። መነን አስፋው። መድፈሪያሽወርቅ አበበ። ሣራ ግዛው። ንጉሠ ነገሥት ያገባችም፣ ልዑል ያገባችም የአባቷን ስም ይዛ ቤተ መንግሥት ገባች፣ የአባቷን ስም ይዛ ተቀበረች። ይህ ልዩ ክብር ተብሎ ለእቴጌ የተሰጠ አይደለም። እናትሽም፣ አንቺም የያዛችሁት ልማድ ነው። ጋብቻ የሴትን ስም በማይነካበት አገር ማዕረጓንም ሌላ ነገር፣ ዘውድ፣ መስጠቱ አይገርምም።

እንግዲህ ምንትዋብ ግንብ ጋ ስትቆሚ እንዲህ በያቸው፦ ባካፋን አግብተው ጎንደር ገቡ፣ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፉ፣ በልጅ ልጃቸው ዘመንም አልለቀቁም፣ አማርኛ እቴጌ ይላቸዋል። ጊዜ ካላቸው ቁስቋም ይዘሻቸው ውጪ። እዚያ የሦስት ሰዎች አጽም አብሮ ተቀምጧል፦ የምንትዋብ፣ የኢያሱ፣ የኢዮአስ። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። «ሥልጣናቸው ከባላቸው ነው ወይስ ከልጃቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ እዚያ ላይ ቆመሽ መልሽለት።